አባቴ ማንበብ አቃተው፣ ምን ላድርግለት?

የአዘዞዋ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች፣ አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መጽሐፍ ካልያዘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፣ ሽፋኑ እንዳይበላሽ በጋዜጣ ይለብደዋል፣ ያቆመበት ገጽ ላይ የተቃጠለ የክብሪት እንጨት ያስገባል፣ እሷን ያነሳበት ሰው ወየውለት😂 አሁን ግን መስኮቱ ስር ቁጭ ብሎ መጽሐፉን ያስጠጋል፣ ያርቃል፣ ከዛ ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። በጣም ደብሮታል።

ማራኪ፦
መጀመሪያ ዓይናቸውን አስመርምሪያቸው እንጂ! ሞራ ከሆነ እኮ በኦፕሬሽን ይወጣል፣ እናቴን ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አሰርተናት ብዙም ሳትቆይ ዳዊቷን ይዛ ቁጭ አለች። ግላኮማ ከሆነ ግን የጠፋው እይታ አይመለስም፣ ያለውን ለማቆየት ነው የሚታከመው፣ ስለዚህ አትዘግዪ።

ቀበሌ_ልጅ፦
እስከዛው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር ፍላሽ ላይ ጫኝላቸው፣ ዩቲዩብ ላይ አለ።

ፒያሳ፦
ትረካውስ ጥሩ ነው ግን ወረቀት የለመደ ሰው አይጠግብበትም፣ እኔ ለአያቴ ማታ ማታ ጮክ ብዬ አነብለት ነበር፣ አንዴ "ገና አልደረሰም" የሚለውን እንደ በዓሉ አጥብቄ ሳነበው "ምን፣ ታኅሣሥ ገባ እንዴ?" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ፣ ማጥበቅና ማላላት በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ልጆች ካሉ እነሱ ያንብቡላቸው፣ ለነሱም ትምህርት ነው።

የአዘዞዋ፦
እሺ ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። ዛሬ ማታ ግን የመጀመሪያ ልጄን አስቀምጬ አስነበብኩለት፣ ሁለት ገጽ ሳይሞላ አራት ጊዜ አረመው😅