አባቴ የተወልኝ ኤን ትሬ 9 ዓመት ቆማለች፣ በሲኖ አስጎትቼ ላስነሳት?

የሹፌሩ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ረዘም ይላል ቅር እንዳትሰኙ። አባቴ አላህ ይዘንለትና ፊያት 682 ኤን ትሬ የጭነት መኪና ነበረችው፣ ያቺ መሪዋ በቀኝ የሆነችው። 1990 ላይ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ አሰብ ሲመላለስባት ኖረ፣ ከዛ ወዲህ አሸዋና ጠጠር እየጫነ ቆይቶ አይኑ ሲደክም ግቢ አስገብቶ አቆማት፣ ይኸው ድፍን 9 ዓመቷ። ማንም ቁልፍ አላስገባባትም፣ እናቴ እንደውም ዶሮዎቿን ጋቢና ውስጥ ነው ምታሳድረው (አትሳቁ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ እንቁላል አግኝቻለሁ)።

ልሰራባት ብዬ አይደለም፣ ዛሬ ጭነት ላይ ከሲኖ ጋር ማን ይፎካከራል። ድምጿን መስማት ነው ምፈልገው በቃ። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ከሩቅ ድምጿን ለይቼ አባዬ መጣ ብዬ የግቢውን በር ምከፍተው እኔ ነበርኩ።

ስራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ነው፣ ከሞተር ጋር ያለኝ ዝምድና ባጃጅ ድረስ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ዘይት መለኪያው ላይ ጥቁር ዘይት አለ ልኩ ላይ ነው እንደውም ትንሽ አለፍ ይላል፣ ራዲያተሩ ደርቋል፣ ታንከሩ ውስጥ ሩብ ሚሆን የድሮ ናፍታ አለ ሽታው የቀለም ነው ሚመስለው፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ተኝቷል፣ ባትሪዎቹማ ድሮ ነው የሞቱት። ሰፈር ያለ አንድ መካኒክ መጥቶ አየና "ምን ባትሪ ያስገዛሃል፣ ሲኖ አምጥተን እንጎትታታለን፣ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን ስትለቅ እየተንጫጫች ትነሳለች" አለኝ። ሲያወራው ቀላል ነው፣ እኔ ግን ሆዴ ፈራ። ልሞክረው ወይስ ከዛ በፊት ሚነካ ነገር አለ?


ፈጣን ሎደር፦

ብሮ እውነቱን ልንገርህ፣ ቁራሌው ጥራና በኪሎ ሽጣት። መለዋወጫ የለ፣ ናፍታ ትጠጣለች፣ ቦሎ ማን ይሰጥሃል። አባትህን ምታስታውስበት ፎቶ አለህ አይደል።


ጋሽ ካቻቢቴ፦

ቁራሌው ያልከውን ልጅ እንዳልሰማሁት ልለፈው።

ልጄ እኔ ስራ የጀመርኩት ኤን ትሬ ላይ ረዳት ሆኜ ነው። ጣርማበርን ስትወጣ ከሰው እርምጃ እኩል ስለሆነች እኔ ወርጄ የእንጨት ታኮ ተሸክሜ ከኋላ ጎማ ጎን እሄድ ነበር፣ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ካመለጠውና ወደኋላ ካለች ታኮውን መወርወር ነው። ከዛ ጋራዥ ገብቼ ስንት ዓመት ሞተር ፈታሁ። ስለዚህ ስማኝ፣ አታስጎትታት።

ለምን መሰለህ፣ 9 ዓመት የቆመ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዞ ሊሆን ይችላል፣ ክፍት እንደሆነ የቀረ ቫልቭም እዛው ይደርቃል። ሞተሪኖ (በባትሪ ሚያስነሳው) ሲሆን እምቢ ካለው ያቆማል። ሲኖ አያቆምም፣ እምቢ ያለውን ይሰብረዋል። ፋሻው ይሰበራል፣ የደረቀውን ቫልቭ ፒስተን ይመታዋል፣ ዘይቱ ደሞ ሁሉም ወርዶ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ስለተኛ ብሮንዚኖቹ (ዘንጉ ሚዞርባቸው) በደረቁ ነው ሚፋጩት። በአንድ ደቂቃ ጉተታ የአባትህን ሞተር ቶርኖ ቤት (ብረት ሚቀረጽበት) ታስገባዋለህ።

እንዲህ አርግ። ጋቢናዋ እንደ አሁኖቹ አይገለበጥም፣ ሞተሩን ምታገኘው ከውስጥ ክዳኑን አንስተህ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዶሮዎቹን ሌላ ቤት ፈልግላቸው። ኖዝሎቹን (ናፍታ ሚረጩትን) ስድስቱንም ፍታ። ከመፍታትህ በፊት ግን ዙሪያውን በናፍታና በብሩሽ እጠብ፣ አለዚያ የ9 ዓመት ኩስና አቧራ ተጠርጎ ቀዳዳው ውስጥ ነው ሚገባው። የትኛው የስንተኛው እንደሆነ ምልክት አርግበት፣ ከስር ያለችውን የመዳብ ሮንዴላም ቁጠር፣ አንዳንዴ አንዷ እዛው ተጣብቃ ትቀርና ስትመልሰው ሁለት ተደርቦ ያፈሳል። ከዛ በየቀዳዳው ናፍታና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለህ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ አፍስስና ተወው። ሶስት አራት ቀን። ኖዝሎቹን እስከዛ ፖምፓ ቤት (የናፍታ ፓምፕ ሚሰራበት) ወስደህ አስፈትሽ።

ቀጥሎ ማርሹን ፍሪ አርገህ ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ያለው ትልቁ ጥርሳም ክብ) ጥርስ ላይ በፓሎ (በረጅም ብረት) ቀስ ብለህ ግፋ፣ ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ። ከታገለህ አትታገለው፣ ዘይት ጨምርበትና ነገ ተመለስ። ሁለት ሙሉ ዙር ሳያንገራግር ከዞረልህ ሁሉም ፒስተንና ሁሉም ቫልቭ ተራውን ጨረሰ ማለት ነው፣ ያኔ ስለባትሪ እናወራለን። ባትሪው 24 ነው፣ ሁለት ባለ 12 በተከታታይ፣ ይሄን አንተ ከኔ ታውቃለህ።

የታንከሩን ናፍታ ድፋው፣ ታንከሩን እጠብ፣ ፊልትሮ ቀይር። ሞተሩን ምታስነሳ ቀን ጎንህ አንድ ወፍራም ጣውላ ይኑር፣ ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ያልከው አላማረኝም። ራዲያተሩ ደርቋል፣ ዘይቱ ከልኩ አልፏል። ያ ውሃ የት ሄደ?


የሹፌሩ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳነበው ላብ አሰመጠኝ እኮ፣ ነገ ጠዋት ሲኖው ሊመጣ ነበር ደውዬ አስቀረሁት። ውሃው በ9 ዓመት ተኖ ይሆናላ ብዬ ነው እኔ፣ አይሆንም እንዴ? ጣውላውስ ለምንድነው?


ጋሽ ካቻቢቴ፦

ሊተን ይችላል። ዘይት ግን ቆሞ አይጨምርም። አባትህ ሞልቶት ከሆነም አላውቅም፣ ስለዚህ እንየው። የኮፓውን መውረጃ ብሎን በጣም በቀስታ አላላው፣ አትንቀለው፣ ጠብ ጠብ እንዲል ብቻ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቆሞ ከርሞ ከስር ነው ሚተኛው። መጀመሪያ ሚወጣውን በነጭ ሳህን ተቀበለውና ንገረኝ።

ጣውላው፦ ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ቁልፍ ስትዘጋ አይጠፋም፣ ሚጠፋው ናፍታ ሲቋረጥበት ነው። ብዙ የቆመ ፖምፓ ውስጡ ያለው ዘንግ ሙሉ ናፍታ እንደሰጠ ይደርቃል፣ ያኔ ሞተሩ ከተነሳ ፍጥነቱን እየጨመረ እየጨመረ ይሄዳል፣ ማንም አያቆመውም እስኪፈነዳ። አንድ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ሆነና ሁላችንም በሩን ለቀን ሮጥን፣ አንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ ጃኬቱን አውልቆ አየር መሳቢያው ላይ ቢጥልበት ጃኬቱን ከነእጅጌው ዋጠው። አለቃችን ናቸው የመኪና ወለል ጣውላ አምጥተው አፉ ላይ ሲጭኑበት ታፍኖ የቆመው። እጅህን አትሞክር፣ ጨርቅም አትሞክር። የአየር ፊልትሮውን አውልቀህ ጣውላውን ለአፉ ልክ አርገህ አዘጋጅተህ ነው ቁልፍ ምትነካው። ከዛ በፊትም የፖምፓውን ማጥፊያ ዘንግ በእጅህ አንቀሳቅሰው፣ ሄዶ ካልተመለሰ እንዳታስነሳ።


ጎሚስታው፦

ሁሉም ሞተር ሞተር ይላል፣ ጎማዋን ረሳችኋት። ወንድሜ የተኛውን ጎማ እዛው እንዳለ ንፋስ ልሙላ እንዳትል። የነሱ ዘመን ቸርኬ (የጎማው ብረት) አንድ ወጥ አይደለም፣ ተገጣጥሞ ነው ሚያዘው፣ የቆመበት ስፍራ ደሞ ዝገት በልቶታል፣ ንፋስ ስትጨምር ሳይገጥም ከቀረ እንደ ጥይት ነው ሚፈናጠረው፣ በዚህ የሞተ የሙያ ጓደኛ አለኝ ስለዚህ ቀልድ አይደለም። አውልቀህ ዝገቱን በብረት ብሩሽ አስጠርገህ፣ የተሰነጠቀ ካለ ጥለህ፣ ስትሞላ በሰንሰለት አስረህ ረጅም ቱቦ ይዘህ ወደጎን ቆመህ ነው። ጎማው ራሱ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ለጌጥ ካልሆነ አታሽከርክርበት።

ለማውለቅ ክሪክ ስትገባ ደሞ ክሪኩን አምነህ ከስር እንዳትገባ፣ ግንድ ደርድርበት።


ዴንቨር ያለሁት፦

ሰላም ከኮሎራዶ። እኔ ኤን ትሬ የለኝም ግን 66 ፎርድ ፒክአፕ አለኝ ኤፍ 100፣ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈታሁ ሶስተኛ ዓመቴ ነው (ሚስቴ አራተኛ ነው ትላለች)። ከሞተሩ በላይ ያንገበገበኝ ፍሬኑ ነው። የኔ ዘመን ፎርድ የፍሬን ዘይቱ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ አንድ ቱቦ ከተበሳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፣ እኔ ደሞ ይሄን ያወቅኩት ከቤቴ ፊት ያለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ነው፣ የጎረቤት የቆሻሻ በርሜል ነው ያዳነኝ።

ኤን ትሬ ፍሬኗ በንፋስ ነው አይደል? እንግዲህ ላስቲክ ቱቦዎቹ 9 ዓመት ደርቀዋል፣ የንፋስ ታንከሩም ውስጥ ውሃ አለ። ሞተሩ ሲነሳልህ በደስታ አንድ ዙር ልንዳት እንዳትል። አንድ ሌላ ነገር፣ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ስትከፍተው ያንን ብናኝ በኮምፕሬሰር እፍ እንዳትልበት ሳንባ ነው ሚገባው፣ በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረግና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረህ ጣል። እዚህ ሰው ሲያስጠነቅቀኝ አካበዱ ብዬ ነበር።


ጋሽ ካቻቢቴ፦

ዴንቨር እውነቱን ነው። የዛሬዎቹ ንፋስ ሲያልቅባቸው በስፕሪንግ ራሳቸው ይይዛሉ፣ እሷ ንፋስ ካለቀባት ያው ባዶ ናት። ታኮ ድሮም ለጌጥ አልነበረም። ከመነካካትህ በፊት አራት ታኮ።


ፈጣን ሎደር፦

ኧረ ይሄ ነገር እየጣመኝ መጣ። ቁራሌውን ትቼዋለሁ፣ ሲነሳ ቪዲዮ ልቀቅልን። ለመለዋወጫ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የድሮ እቃ ያላቸው ሽማግሌዎች አሉ፣ ከቻልክ ናሙናውን ይዘህ ሂድ፣ በስልክ ስም ብትጠራ የሌላ መኪና ነው ሚሸጡልህ።


የሹፌሩ ልጅ፦

ከ6 ቀን በኋላ ነው ምጽፈው። ብሎኑን አላላሁት። ጋሼ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው! ቡኒ የዝገት ውሃ፣ በነጩ ሳህን ሁለት ሳህን ተኩል ከሞላ በኋላ ነው ጥቁሩ ዘይት ተከትሎ የመጣው። ወተት የመሰለ ነገር የለውም፣ ለየብቻ ነው። ሞተሩ ግን በአራተኛው ቀን በፓሎ ስገፋው ትንሽ ሄደ፣ ምናልባት የአንድ ጣት ያህል፣ ከዛ ተመለሰ፣ ዛሬ ጠዋት ሩብ ዙር ሄደ። ቂቅ የሚል ድምጽ ሰማሁ እናቴ ከኩሽና ምን ሰበርክ ብላ ወጣች። ዶሮዎቹ አዲሱን ቤት እምቢ ብለው ማታ ማታ ጋቢናው ስር ነው ሚያድሩት። አሁን ምን ላርግ?


ጋሽ ካቻቢቴ፦

ጎበዝ። ለየብቻ መሆኑ ደህና ነው፣ ከቆመች በኋላ ነው የገባው ማለት ነው፣ ስትሰራ ቢሆን ወተት ይሆን ነበር። ካሚቻዋ (ፒስተኑ ሚመላለስበት ቱቦ) እርጥብ ሚባለው ነው፣ ውሃው ዙሪያውን ነው ሚሄደው፣ ከታች ሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው። ያ ጎማ ደርቋል።

ከዚህ በኋላ መግፋቱን አቁም። ኮፓውን አውርድ፣ ከባድ ነው ሁለት ሰው ያዝ። ከስር ካርቶን አንጥፍ። ከዛ ራዲያተሩን ንጹህ ውሃ ሞልተህ የእጅ ባትሪ ይዘህ ከስር ተኛና ካሚቻዎቹን ወደላይ እያበራህ ተመልከት፣ አንድ ሰዓትም ቢሆን ጠብቅ። የትኛው እንደሚያንጠባጥብ ከፊት ጀምረህ ቁጠር።


የሹፌሩ ልጅ፦

አራተኛው ነው። አምስተኛውም እያላበው ነው መሰለኝ፣ ካርቶኑ ላይ ግን ነጠብጣቡ ያለው አራተኛው ስር ብቻ ነው። ፎቶ ላክሁ።


ጋሽ ካቻቢቴ፦

አየሁት። አንዱን ከፈታህ የስድስቱንም ጎማ ቀለበት ነው ምትቀይረው፣ ስድስተኛው የኔም ደርቋል ብሎ አይነግርህም። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ከማውረድህ በፊት ደውል፣ ዳዶዎቹ ሚላሉበት ተራ አለው።