ጓንግዡ ላይ ቻይናዊ ባልደረባ ሐዘን ሲደርስበት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አብራን የምትሠራ ቻይናዊት አባቷ አርፈዋል። እንደኛ ምግብ ይዞ ቤቷ ድረስ ሄዶ ለቅሶ መድረስ ይቻላል?

መልስ፦ ቤት አትሂጂ እህቴ። ሳይጠሩ ሐዘን ቤት መግባት እዚህ ወግ አይደለም። ስንብቱ ቢንዪጓን በሚሉት የቀብር አዳራሽ ነው፤ ሰዓቱን ጠይቂና ቀደም ብለሽ ድረሺ። ልብሱ ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ይሁን፣ ቀይ በፍጹም። ከፎቶው ፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ትያለሽ፤ ቤተሰቡ ጎንበስ ብሎ ይመልስልሻል።

ገንዘቡ ነጭ ፖስታ ውስጥ ይገባል። መጠኑ ጎደሎ ቁጥር ነው፤ ካንቶኖች (የዚህ አካባቢ ሰዎች) በ1 እንዲያልቅ ያደርጉታል፦ 101፣ 201፣ 301 ዩዋን። ተጋማሽ ቁጥር የሠርግ ነው፤ ለሐዘን ከሆነ ሐዘኑ ይደገም ማለት ይመስላል። ስንብቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ገንዘብ አይሰጥም። የሠርግ ስጦታ ቢዘገይ ይካሳል፣ የሐዘን ግን አይካስም። መሄድ ካልቻልሽ ሳይውል ሳያድር በዊቻት፣ መልእክትና ገንዘብ በሚላክበት የስልክ መተግበሪያ፣ ላኪ፤ ግን ሆንግባኦ የሚለውን እንዳትነኪ፣ ቀይ ፖስታ ነው የሚደርሳት! ጁዋንጃንግ የሚለውን ተራ የገንዘብ ማስተላለፊያ ተጠቀሚ።

ሌላ መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። እንግዳ ሲወጣ ትንሽ ፖስታ ይሰጠዋል፣ ውስጡ ከረሜላና 1 ዩዋን፣ አንዳንዴም ሶፍት አለ። ከረሜላው ቤት ሳይደረስ ይበላል፣ ሳንቲሙም መንገድ ላይ ውኃ ተገዝቶበት ያልቃል። ቤት ይዞ መግባት ሐዘኑን ተሸክሞ እንደመግባት ነው። ስትሰናበቺ «በድጋሚ እንገናኝ» አትበዪ።

ጥያቄ፦ ሠልስትና አርባ የመሰለ ነገር አላቸው? ነጠላ ለብሶ መሄድስ?

መልስ፦ አላቸው። በየ7 ቀኑ ይቆጥራሉ፣ የመጀመሪያው ቶውቺ ይባላል፣ ሰባተኛው 49ኛው ቀን ላይ ይዘጋል። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ካልተጠራሽ አትሂጂ።

ሰሜን ቻይና ያላችሁ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠራቸው 7ኛው ወር 15ኛው ቀን ማታ መንታ መንገድ ላይ የወረቀት ገንዘብ ሲቃጠል ታያላችሁ። መሬቱ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠመራል፣ አንድ በኩል ክፍት ይተዋል፣ ለሟቹ የሚላከው በዚያ ይወጣል ተብሎ። ጥቂት ወረቀት ከክቡ ውጭ ይቃጠላል፣ ጠያቂ ለሌላቸው ሙታን። ብዙ ከተሞች ይህን መንገድ ላይ ከልክለዋል፣ ቢሆንም ጠዋት አመዱ አይጠፋም። አትርገጡት።

ስለ ነጠላው፣ በባህላቸው ነጭ የሟች ቤተሰብ የሚለብሰው ነው። ነጠላ አጣፍተሽ ብትሄጂ የሟች ልጅ ትመስያለሽ። ጥቁር ሻርፕ ይበቃል።