ሥዕል ፊት አብሮን የቆመውን የማናውቀውን ሰው ማነጋገር ተገቢ ነውን?

ጠያቂ፦ የጅማው መምህር

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ ወጣት ሠዓልያን ሥራዎቻቸውን ያቀረቡበትን ትርኢት ለማየት ሄጄ ነበር። ከሥዕሎቹ አንዱ ከፊቱ አላንቀሳቅስ አለኝ። አንዲት እናት በጓሮዋ፣ ከቡና ዛፍ አጠገብ ቆማ ሽቅብ ታያለች፤ ሠዓሊው ግን ሰማዩን ጨርሶ አልሣለውም። ዝናብ ሊጥል መሆኑን የምናውቀው ከፊቷ ብቻ ነው። ዝናቡን በጉጉት የምትጠብቅ መስላ ታየችኝ፣ እኔም ደስታዋ ተጋባብኝ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ለረጅም ጊዜ ቆመው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አባቴ፣ ሰማዩ የት እንዳለ አዩ?» ልላቸው ቃሉ አፌ ድረስ ከመጣ በኋላ ተመለሰ። እርሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ፤ እኔ ግን ያንን ደስታ ለብቻዬ ይዤ መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በገበያ፣ በአውቶቡስና በለቅሶ ቤት ከማናውቀው ሰው ጋር ያለ ችግር የምንጨዋወት ሰዎች ሥዕል ፊት ስንደርስ አንደበታችን የሚታሰረው ለምንድን ነው? ብናገራቸውስ ድፍረት ይሆንብኝ ነበርን?

መልስ፦ የቀድሞ አስጎብኚ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የቆየ ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። እንግዶችን ወደ ጅማ ሙዚየም ስወስድ ደጋግሜ ያስተዋልኩት ነገር አለ። የአባ ጅፋር መገልገያዎች ፊት ሰዉ ሁሉ እጁን አጣምሮ በዝምታ ያልፋል፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣው በርጩማ ጋ ሲደርስ ግን አንዱ «አያቴ ቤት እንዲህ ያለ ነበር» ይላል፣ ሌላው «የእኛስ ከዋንዛ ነበር» ብሎ ይቀጥላል፣ የማይተዋወቁት ሰዎችም ወዲያው ጨዋታ ይይዛሉ። ስሙም በአማርኛም በኦሮምኛም ያው በርጩማ ስለሆነ ቋንቋ እንኳ አያግዳቸውም። አንድ ጊዜ አንድ አናጢ እግሮቹ ሦስት የሆኑበትን ምክንያት ለአጠገቡ ሰዎች ሲያስረዳ ሰማሁ፤ አራት እግር ያለው ወንበር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ይነቃነቃል፣ ባለሦስት እግሩ ግን የትም ቢቀመጥ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። እኔ ለዓመታት ሳስጎበኝ ይህን አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ስለ በርጩማው ለመናገር ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ተቀምጦበት አድጓልና። ስለ ሥዕል ለመናገር ግን የተማረ መሆን ያስፈልጋል ብለን ስለምናስብ እናፍራለን፤ አንደበታችንን የሚያስረው ይህ ይመስለኛል። አዛውንቱ ስለ ሥዕል ባይማሩ እንኳ ስለ ዝናብ ከሁላችንም የተሻለ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቢጠይቋቸው ኖሮ የሚከፉ አይመስለኝም።

መልስ፦ ዝምታ ወዳድ

እኔ በከፊል አልስማማም። አዲስ አበባ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል አንድ ሥዕል ፊት ቆሜ ሳለሁ አንድ ጎብኚ ቀርቦ ሠዓሊው በሐረር መወለዱን፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ መማሩን፣ ባለቅኔም እንደነበር በዝርዝር ይነግረኝ ጀመር። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሰውየውም ቅን ሰው ነው። ነገር ግን ከሥዕሉ ጋር የጀመርኩት ነገር በዚያው ተቋረጠ፣ ተመልሼ ልይዘውም አልቻልኩም። እንባ ያቀረረ ሰው ገና ከሥዕሉ ጋር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ወይም ዞር ብሎ ሰው ሲፈልግ እስኪታይ መጠበቅ ይገባል፤ ያን ጊዜም ማስረዳቱ ቀርቶ መጠየቁ ይሻላል። ስለዚህ ዝም ማለትዎ ስህተት ነበር ብዬ አላምንም።

መልስ፦ የቡና ነጋዴ ልጅ

የዝምታ ወዳዷ እህቴ ምክር ትክክል ነው፤ ሆኖም ሥዕሉ ራሱ ሰውን የሚሰበስብበት ጊዜም አለ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩትን፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን የመስታወት ሥዕል ያየሁት ከማላውቃቸው ጎብኚዎች ጋር ነበር። ብርሃኑ ከኋላው ሲያልፍበት ሁላችንም በአንድ ጊዜ «እህ!» አልን፤ ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደተናገረ አላስታውስም። በእኛም ትርኢቶች አዳራሹ ጥግ ላይ ቡና ቢፈላ መልካም ነበር፤ ዝም ብሎ ማየት የፈለገ በሥዕሉ ፊት ይቆማል፣ መጫወት የፈለገ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል።

ጠያቂው፦ የጅማው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። አዛውንቱ አልነበሩም፤ አንዲት ወጣት ግን ያንን ሥዕል አይታ ስትጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እንደተመከርኩት ጠብቄ «እኅቴ፣ ምን ታየሽ?» አልኳት። እርሷም ወደ ሥዕሉ የታችኛው ጥግ ጠቆመችኝ። ሁለት ጊዜ ስመለከተው ያላስተዋልኩት፣ በቡናማ ቀለም የተሣለ፣ ጀንፈል የተሰጣበት ሰሌን አለ። «እናቴ ልክ እንዲህ ነበር ሰማዩን የምታየው፤ የተሰጣው ቡና ዝናብ ካገኘው ይበላሻላ» አለችኝ። እኔ ጉጉት ያልኩት ፊት ለካ ስጋት ነበር። ከዚያም ሁለታችን ሰሌኑንና የተሣለችውን እናት ፊት እያፈራረቅን ስንመለከት ሌሎች ሁለት ሰዎች መጥተው አጠገባችን ቆሙ፤ እርሷም ሰሌኑን ለእነርሱም አሳየቻቸው።