በሰሜን ሸዋ በጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት ለሚነዱ፦ ጅሩ፣ በሬሳ፣ መንዝ ወይስ አንኮበር?

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከአስፋልት ወጥቶ በእርሻ መካከልና በወንዝ ዳር ለመንዳት የትኛው መስመር እንደሚሻል ስትጠይቁ፣ አብዛኞቻችሁ የምታስቀድሙት ርቀቱን ነው። እኔ ግን አፈሩንና ወሩን አስቀድማለሁ። በታኅሣሥ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ የሚያስሮጥ መንገድ በሐምሌ ብስክሌቱን በትከሻ ያሸክማል። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲርስ ጎማውን እየጠቀለለ ይወጣና በጎማውና በብረቱ መካከል ይጠቀጠቃል፤ በእንጨት ጭራችሁ ታወጡታላችሁ፣ ትንሽ ስትሄዱ ያው ይደገማል። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ሁሉ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ላለው ጊዜ ነው። ከየካቲት በኋላ በደጋው የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ሰማዩን አይቶ መወሰን ይበጃል።

አንድ መስመር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ጅሩን እመርጣለሁ፤ ደነባን፣ እነዋሪንና ጅሁርን ይዞ እስከ ጀማ ወንዝ ገደል አፋፍ የተዘረጋውን ሜዳ። በርካታ ሰዎች ሰሜን ሸዋ ሲባል የሚያስቡት ተራራና ብርድ ነው፤ ጅሩ ግን ሜዳ ነው፣ ያውም ዓይን የማያደርሰው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ገበሬው ማሳውን በመደብና በቦይ ከፋፍሎ የሚያዘጋጀው የክረምቱ ውኃ እንዲንጣፈፍለት ነው፤ ይህን በዓይናችሁ ስታዩ ክረምት ላይ ለምን አትሂዱ እንዳልኳችሁ ይገባችኋል። በሰንጋው የታወቀ አገር ስለሆነ በገበያ ቀን መንገዱ የከብት ነው፤ ወርዳችሁ ጥግ ያዙ እንጂ ደወል እየደወላችሁ በመካከል ለማለፍ አትሞክሩ። የደነገጠ በሬ ለናንተም ለባለቤቱም ጦስ ነው።

በጅሩ ዋናውን የመኪና መንገድ ብቻ ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም። አቧራው ያንቃል፣ አይሱዙውም አያዝንም። ይልቅ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም የተሠሩትን ዓይነት ቀጫጭን የጠጠር መንገዶች ፈልጉ። ስልክ ላይ ባለው ካርታ ሁሉም አይታዩም፤ «ወደ እገሌ ቀበሌ የሚወስደው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ከካርታው ይልቃል። የሜዳው መጨረሻ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እርሻው እስከ ጠርዙ ይታረሳልና ገደሉ አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተሰብስበው ሣር ሲነጩ ካያችሁ ገደሉ ቅርብ ነው ማለት ነው፤ ማደሪያቸው እዚያው ነውና።

ልጆቹን ይዞ ለመውጣት ለጠየቀው ወንድማችን መልሴ የበሬሳ ወንዝ ዳር ነው። ከደብረ ብርሃን ሳትርቁ የወንዙን አቅጣጫ ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ብትወጡ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍና በየደጃፉ የተከመረ ኩበት ታገኛላችሁ። ዳገቱ ቀላል ነው፣ ቢደክማችሁ ከተማው ቅርብ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከከተማው በታች ያለውን የወንዝ ውኃ አትጠጡ፤ ፋብሪካዎች ባሉበት ከተማ አጠገብ ያለፈ ውኃ ነው። ሁለተኛ፣ ጠዋት ላይ በጥላ ውስጥ ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጓንት ሳያደርግ ፍሬን የሚይዝ ሰው ጣቱን አያዝዘውም። 3 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ከሰዓት በፊት ተመለሱ።

ከዚህ ትንሽ ረዘም ያለ ለሚፈልግ ከጫጫ ወደ አንጎለላ ያለው ይስማማል። አንጎለላ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ የተቀመጡባት፣ ዳግማዊ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ናት። ለታሪክ የሚሄድ ሰው የሚያየው ፍርስራሽ ትንሽ ነው ብሎ ሊያዝን ይችላል። ለብስክሌት ግን መንገዱ ራሱ በቂ ነው፤ ግጦሽ፣ በግና ሰፊ ሰማይ።

መንዝ ሌላ ነገር ነው። ጣርማበር ላይ፣ ጣሊያኖች የሠሩት ዋሻ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ግራ ታጥፋችሁ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ነው የምላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚኬድ አዲስ አበባ ላይ ዳገት የሚበረታ ሰው እንኳ እዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ መንዝን ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን አድራችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ። እዚያው መንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ሕዝቡ ራሱ ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ያቆየው የሣር ምድር ነው። ሣሩ የቤት ክዳንና ገመድ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ቦታ ስለሆነ በብስክሌት ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳት ነውርም ጥፋትም ነው። እዚያ ያለው የማኅበረሰቡ ማደሪያ ቀላል ነው፤ ምግባችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ እዚያው ታበስላላችሁ። የተሟላ አልጋና ሙቅ ሻወር የሚፈልግ ሰው ደብረ ብርሃን ይደር። እኔ ብሆን ብርዱን ችዬ ጓሳ ማደሩን እመርጣለሁ፤ ለሌሊቱ ግን ከገበያ አንድ የመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ልብስ፣ መግዛት ከውጭ ከመጣ ውድ ጃኬት ይሻላል። ስትመለሱም ቤት ውስጥ ያገለግላችኋል።

የመንዝ ችግር ውሻ ነው። በግ ጠባቂ ውሾች ብስክሌት አይወዱም። ፍጥነት ጨምሮ ለማምለጥ መሞከር ያባብሰዋል፤ ቆም ብላችሁ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ እረኛውን ጥሩት። እረኛው አንድ ቃል ሲናገር ውሻው ይመለሳል። ድንጋይ መወርወር ከውሻው አልፎ ከባለቤቱ ጋር ያጣላል።

አንኮበርን ሁሉም ያደንቃል። እኔም አገሩን አደንቃለሁ፤ ለጠጠር መንገድ ብስክሌት ግን ከአራቱ የመጨረሻውን ደረጃ እሰጠዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ የመኪና መንገድ ነው፤ ለእይታ ድንቅ፣ ከእርሻ መካከል ለመግባት ግን የማይመች። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ የተራራ ብስክሌት ሥራ ነው። ፍሬናችሁ ጎማው የተገጠመበትን ክብ ብረት እየጨመቀ የሚያቆም ዓይነት ከሆነ ብረቱ እየጋለ ይሄዳል፤ የዲስክ ፍሬን ከሌላችሁ አትውረዱ። የወረደም ሰው በመኪና ቢመለስ አያፍርም። ወፍ ዋሻ ደንን ለማየት የፈለገ ብስክሌቱን ሆቴል አስቀምጦ በእግሩ ይሂድ።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ግራቭል የሚባለውን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈና ጎማው ከእሽቅድምድም ብስክሌት የሰፋውን ዓይነት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጎማው ከ40 ሚሊ ሜትር ካልቀጠነ ለጅሩም ለበሬሳም በቂ ነው። ለመንዝ 45 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ድንጋዩ ስለታም ነው። ይህ የሌላችሁ ግን ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ። አሮጌ ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት፣ የፊት ማርሹ ትንሽ ከሆነ፣ በሰሜን ሸዋ ከአዲሱ ግራቭል የሚበልጥበት አንድ ምክንያት አለ። ጎማው ቢቀደድ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ተመሳሳዩን የማግኘት ዕድላችሁ የተሻለ ነው። የግራቭሉን ጎማ ግን ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ካልመጣችሁ ጉዞው እዚያው አበቃ።

ሌላው የቫልቭ ጉዳይ ነው። የየከተማው ጎሚስታ ኮምፕሬሰር የሚገጥመው ለመኪና ቫልቭ ነው። ቀጭኑ የብስክሌት ቫልቭ ያለው ሰው ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ካልያዘ ኮምፕሬሰር አጠገብ ቆሞ በእጅ መንፊያ ይነፋል። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ ሁለት ግዙና አንዷን ከቁልፋችሁ ጋር እሰሩ። ከዚያ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያና አንድ የካቴና መጋጠሚያ። ጎሚስታው ጎማ በመለጠፍ ከማንም አያንስም፤ የተሰበረ ካቴና መቀጠያ መሣሪያ ግን ላይኖረው ይችላል።

ለስንቅ ከሱቅ ብስኩት ይልቅ በሶና ቆሎ። በሶው በውኃ ተበጥብጦ ስኳር ሲገባበት ዳገት ያወጣል። ረቡዕና ዓርብ የምትወጡ ከሆነ በትናንሽ ከተሞች የምታገኙት የጾም ነው፤ ሽሮው ግን ጥሩ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ከመንዳት በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፣ ይህን መናገር ባያስፈልግ ደስ ባለኝ።

አጨዳና ውቂያ ላይ ስትደርሱ መንገዱን የያዘ ጭድ ወይም አውድማ ቢያጋጥማችሁ በላዩ አትንዱ። ወርዳችሁ በዳር እለፉ፣ «ይበርቱ» በሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም እንዲሁ። እንዲህ ያደረገ ሰው ጠላ ሳይቀምስ አያልፍም፤ በማሳ ላይ ጎማ ጥሎ ያለፈ ግን ለሚቀጥለው ብስክሌተኛ ጠብ ትቶ ይሄዳል።

የጸጥታውን ነገር ሳትጠይቁ ከቤት አትነሱ። ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። የምታድሩበት ሆቴል ወይም በከተማው የምታውቁት ሰው ጋር በዋዜማውና በጠዋቱ ደውሉ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ከምሽት በፊት ግቡ። «አትሂዱ» ከተባላችሁ ክርክር የለም።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ፣ መኪናው ከላምበረት መናኸሪያ ይነሳል፤ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብስክሌቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል። ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ፣ የፊት ጎማውን ራሳችሁ ፍቱ፣ የማርሹ ጎን ወደ ላይ ሆኖ እንዲተኛና ከላዩ የእህል ጆንያ እንዳይጫን እዚያው ቆማችሁ አሳስሩ። ረዳቱ «ችግር የለም» ቢላችሁም ገመዱን በእጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት።