ሉዶልፍ ባይኖር አባ ጎርጎርዮስን ማን ያውቃቸው ነበር?

ባለ ማተቡ፦ ዛሬም በሬዲዮ «የኢትዮጵያ ጥናት አባት ኢዮብ ሉዶልፍ» ሲሉ ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ሰውዬው የኤርፈርት ጀርመን፣ ሕግ የተማረ፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት አማካሪ ነው። አገራችንን ረግጧት አያውቅም። ግዕዙንም አማርኛውንም ያቀኑለት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ስማቸውን ያነሳ ግን የለም።

ፍራንክፈርት ነኝ፦ ረጋ በል ወንድሜ። በ1661 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ሰዋስው ለንደን ላይ ያሳተመው ማነው? በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛውን ሰዋስው እዚህ ፍራንክፈርት ያወጣውስ? ሉዶልፍ ባይኖር አባ ጎርጎርዮስን ማን ያውቃቸው ነበር?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ «ማን ያውቃቸው ነበር» አልክ? ሮም የነበሩት ሐበሾች ያውቋቸው ነበራ! ሉዶልፍ በ1649 ሮም የሄደው ለስዊድኖች ሰነድ ሊፈልግ ነው። እግረ መንገዱን ቫቲካን ጀርባ ያለውን የሐበሾቹን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም በር አንኳኳ። ግዕዝ መማር እፈልጋለሁ ሲል ወደ ሊቁ ወደ አባ ጎርጎርዮስ የመሩት እነሱ ናቸው። ሊቅነታቸውን ጀርመን አልሾመውም።

ጠበቃዋ፦ በሙያዬ ልናገር። ሉዶልፍ ምስክሩን አልደበቀም። በ1691 ባሳተመው የታሪኩ መጽሐፍ ማብራሪያ የአባን ምስል አውጥቷል፤ ስማቸውንም ጠርቷል። የዛሬዎቹ ምሁራን «መረጃ ሰጪ» ብለው የሚያልፉት ባላገር ስንት ነው?

ባለ ማተቡ፦ እና እናመስግነው? ሽፋኑ ላይ ያለው የማን ስም ነው?

የጥንቱ ሃይማኖት፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። እኚህ አባ ካቶሊክ ሆነው ነበር። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ሲያባርሩ አብረው የወጡ ናቸው። ለማን ነው የምታለቅሱት?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ጀመረው ደግሞ። ሉዶልፍ ሉተራን፣ አባ ካቶሊክ። በ1652 ጎታ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለወራት አብረው ሠሩ። እነሱ ያልተጣሉበትን አንተ ምን አገባህ?

ፍራንክፈርት ነኝ፦ ጥያቄዬን አትሽሹ። አባ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ወደብ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ፤ ነፍስ ይማር። ሉዶልፍ ግን እስከ 1704 ኖሯል። ከ40 ዓመት በላይ ብቻውን ለፍቷል፤ ያውም የመስፍኑን ጉዳይ እያስፈጸመ። የወራት ትምህርት ከዚህ ጋር ይመዘናል?

ባለ ማተቡ፦ 40 ዓመት የቀዳው ከአንድ ጉድጓድ ነዋ! ሌላ ምንጭማ መች አገኙ? በ1663 መስፍኑና ሉዶልፍ የሉዶልፍን ተማሪ ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ላኩት፤ ግብፅ ቀረ። ጭራሽ ካቶሊክ ሆኖባቸው አረፈው።

የጥንቱ ሃይማኖት፦ አያችሁ? እሱም ካቶሊክ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ይሄ ሰው ቡና ቢቀርብለት «ስኒው ካቶሊክ ነው ወይ» ይላል።

ጠበቃዋ፦ ቫንስሌብን ተዉት። ሉዶልፍ ራሱ በ1683 እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ከኢትዮጵያ ጋር ወዳጅነት እንዲመሠርቱ ወትውቷል። አልተሳካም እንጂ ለአገራችን ደክሟል።

ባለ ማተቡ፦ ለአገራችን? በቱርክ ላይ ለሚደረገው ጦርነት አጋር ፍለጋ ነበር በይ እንጂ!

ጠበቃዋ፦ ሁለቱም ቢሆንስ? ምን ያስጮሃል?

ፍራንክፈርት ነኝ፦ አሁንም አልመለሳችሁልኝም። ማን ያውቃቸው ነበር?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ተማሪያቸው ማን እንደሆነ ጠይቅ አንተ። ያለ እሳቸው ሉዶልፍን ራሱን ከኤርፈርት ውጭ ማን ያውቀው ነበር?

ፍራንክፈርት ነኝ፦ ይሄ መልስ ነው?