ወንድሜ የሰማውን አይረሳም፣ ማንበብ ግን አቃተው፤ ምን ላድርግ?

የጅማዋ እህት፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ 8ኛ ክፍል ይማራል። የሳይንስ ትምህርቱን አንድ ጊዜ ካነበብኩለት በማግስቱ ምንም ሳያጎድል ይነግረኛል። ራሱ ሲያነብ ግን «ሰላም»ን «ለሳም» ይላል፣ መስመር ይዘላል፣ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ተነስቶ እንዲያነብ ተደርጎ ተሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ይላል። አባታችን «ትምህርት አልሆነለትም፤ ከእኔ ጋር ቡና መጋዘን ይዋል» ብሏል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። እባካችሁ ምከሩኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። የእኔ ሁለተኛ ልጅ ሰሌዳው እንደማይታየው ያወቅነው ስንት ቁንጥጫ ከቀመሰ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መምህርት ከአጂፕ፦
የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ዓይንና ጆሮው ደህና ከሆኑ፣ የነገርሽን ዲስሌክሲያ የሚባለውን የንባብ ችግር ይመስላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስላለ ሄደሽ አማክሪ። ችግሩ ከስንፍናም ሆነ ከአእምሮ ማነስ አይመጣም።
የእኛ ልጆች ሸክም ደግሞ ድርብ ነው። ለአማርኛ ፊደል፣ ለአፋን ኦሮሞ ቁቤ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ቁቤና እንግሊዝኛ ፊደላቸው አንድ ቢሆንም ድምፃቸው ይለያያል፤ «ኤክስ» በቁቤ «ጥ» ነው፣ «ሲ» ደግሞ «ጭ»። ሌላው ልጅ ሳያስበው ይለምደዋል፤ እንደ ወንድምሽ ያለውን ግን ያደክመዋል። ስለዚህ አንድ ቋንቋ ብቻ ያዙ፣ አፉን የፈታበትን። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ መስኮት ከካርቶን ቁረጪለት። የሚምታቱበትን ፊደላት፣ ለምሳሌ «ሰ»ንና «ለ»ን፣ ድምፁን እያሰማ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፋቸው።

አናጺው ከሂርማታ፦
እኔም እንደ እሱ ነበርኩ። ከ7ኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ አሁን 34 ዓመቴ ነው። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍዬ አወጣለሁ። የትእዛዝ ወረቀት ሲመጣ ግን «መነጽሬን ረስቼ ነው» እያልኩ ሰው አስነብብ ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት የማታ ትምህርት ገባሁ። መምህሬን አስፈቅጄ ድምፁን በስልክ እቀዳለሁ፤ እንጨት ስቀርጽ አዳምጠዋለሁ። ለአባትሽ ንገሪልኝ፦ ሙያውንም ይማር፣ ከትምህርት ቤት ግን አያስወጡት።

የጅማዋ እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አስመረመርነው፤ ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነው። መስኮቷን ከጫማ ካርቶን ቆረጥኩለት፤ ትናንት አንድ አንቀጽ መስመር ሳይዘል ጨረሰ። የአናጺውን መልእክት ለአባታችን አነበብኩለት፤ ዝም አለ፣ እምቢ ግን አላለም። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ምን ልጠይቅ?

መምህርት ከአጂፕ፦
በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂውንም አስቀሪ። ክፍል ፊት እንዲያነብ አይገደድ፤ የክፍል ፈተና ይነበብለት፣ መልሱንም በቃሉ ይስጥ፤ ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀድለት። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ትምህርት ቤቱ ብቻውን ስለማይወስን፣ ጥያቄው ከአሁኑ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲተላለፍ አድርጊ። ወንድምሽን ግን አስቀድመሽ ጠይቂው። አብሮሽ መግባት ከፈለገ ይግባና ስለ ራሱ ይናገር፤ ካልፈለገ ውጭ ይጠብቅሽ።