ልጄ እግሯ ጠቁሯል፤ ለደም ማቅጠኛው ለሄፓሪን ልፈርም?

የሶልያና አባት፦ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ትናንት በእግሯ ገብተው የልቧን ቀዳዳ ዘጉላት። ዛሬ ያ እግሯ አብጦ ጠቁሯል። ደም ረግቷል፣ ሄፓሪን እንጀምር፣ ፈርሙ እያሉ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ቢደማስ? ባለቤቴ ብቻዋን ናት። እኔ ታክሲዬን አቁሜ ነው የምጽፈው፣ ሜሪላንድ።

ደጉ፦ በስንት ሳምንቷ ተወለደች? ኪሎዋስ?

የሶልያና አባት፦ 26 ሳምንት። አሁን 1 ኪሎ ከ100።

መምህሩ፦ «ቀዳዳ» አይባልም። ዋናውን ደም ቅዳ ከሳንባው ደም ቅዳ ጋር የሚያገናኝ ቧንቧ ነው። ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ክፍት ይቀርና ሳንባቸውን በደም ያጥለቀልቃል። አሜሪካ ከ700 ግራም ጀምሮ የሚገባውን መዝጊያ የፈቀደችው በ2019 ነው። ከአተር ያንሳል...

ሚሚ፦ መምህር፣ ሰውዬው ፈተና አልተቀመጠም እኮ!

ዘሪሁን፦ በራሱ ይዘጋ ነበር። ምን አስቸኮላችሁ?

የሶልያና አባት፦ ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዳ እምቢ አለ። ከመተንፈሻ ማሽኑ መውረድ አቃታት።

እቴቴ፦ እግሯን በለጋ ቅቤ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው።

የጨቅላዎች ነርስ፦ እቴቴ፣ በጭራሽ! ደም የረጋበት እግር አይታሽም፣ ትኩስ ጨርቅም አይደረግበትም። አባቷ፣ ያበጠና የጠቆረ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተዘጋው ደም መልሱ ነው። ነጥቶ ከቀዘቀዘና ትርታው ከጠፋ ግን ደም ቅዳው ነው፤ ይሄ ጊዜ አይሰጥም። የሁለቱም እግር ትርታ ከደከመ መዝጊያው ራሱ ዋናውን ደም ቅዳ አጥብቦት ሊሆን ስለሚችል ልቧም በአልትራሳውንድ ይታይ። የእግሯ ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰቱን የሚያየው አልትራሳውንድ፣ ምን አሳየ በል። የጭንቅላቷ አልትራሳውንድ መቼ ተነሳ፣ ደም ነበረው? ደም የሚያረጋው ፕላትሌቷስ ስንት ነው? የመድማት ፍራቻህ ልክ ነው፣ እነሱም የሚመዝኑት ያንኑ ነው። በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሄፓሪን ግን ሲያቆሙት ቶሎ ከሰውነት ይወጣል።

ደጉ፦ ዶፕለር ይሠራላት።

ሚሚ፦ ተባለ እኮ ደጉ።

ሃና፦ የኔም ልጅ እንዲሁ ሆኖ ነበር። የደም ማቅጠኛውን መርፌ ቤት ድረስ ይዘን መጣን፣ እኔው ራሴ ስወጋው ከረምኩ። አሁን ኳስ ያሳድዳል። ደግሞ ባለቤትህን እንግሊዝኛው ካስቸገራት አስተርጓሚ ትጠይቅ፣ አይከፈልበትም። ያልገባትን አትፈርም።

እቴቴ፦ ቅቤው ይቅር። ጸበልስ?

የጨቅላዎች ነርስ፦ ጠርሙሱ ሳይከፈት ከኢንኩቤተሩ ውጭ ይቀመጥ።

የሶልያና አባት፦ ዶፕለር እየሠሩላት ነው አለችኝ። ፓርኪንጉ ሞልቷል። እመለሳለሁ።

ሚሚ፦ አባቷ፣ ምን አሉህ?

ሃና፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው።